የአዋሽ የጨው ካርታ ከየት ይጀምር?

ዘነበወርቅ ላይ ስለ ጨዋማ አፈር የሚጨነቅ ሰው የለም፤ የሚጨነቅበትም ምክንያት የለውም። የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ መሬቱም ተዳፋት ነው። እንዲህ ያለ መሬት ጨው አይዝም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አጥቦ ይሸኘዋል። ጥያቄው ወዴት ይሸኘዋል የሚለው ነው። ከአለርት ሆስፒታል በታች ካለው ሰፈርና ቆሼ ከምንለው ከረጲ የቆሻሻ ክምር ሥር የሚወርደው ውሃ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝቶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ በቆቃ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በአሚባራና በዱብቲ አድርጎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ባሕር አይደርስም። ዓባይ ከደጋ ያጠበውን ጨው ሜዲትራኒያን ይረከበዋል፤ የአዋሽን የሚረከበው ግን የአፋር ቆላ ራሱ ነው።

ስለዚህ የአዋሽን የጨዋማነት ስጋት በካርታ አሳያለሁ የሚል ባለሙያ ብዕሩን ሳያነሳ አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ የሚስለው ጨው ያለበትን ነው ወይስ ጨው የሚመጣበትን? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ጨው ያለበትን የሚያሳይ ካርታ የደረሰ ጉዳት መዝገብ ነው። ስጋትን የሚያሳይ ካርታ ዛሬ ጥጥ ያዘለ አረንጓዴ ማሳ ላይ ቀይ የመቀባት ድፍረት ይጠይቃል፤ ለዚህ የሚያበቃው ማስረጃም በማሳው ገጽ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ከማሳው ሥር በከርሰ ምድር ውሃው፣ ከማሳው በላይ ደግሞ ውሃው በመጣበት መንገድ ሁሉ ነው። እስከ ዛሬ በእጃችን ካሉት ካርታዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ሁለተኛው ዓይነት ያስፈልገናል፣ የሚሠራውም በማሳ ወይም በወረዳ ሳይሆን በመላው ተፋሰስ ልክ ነው የሚል ነው፤ ጅማሬው አንዳች ጨው የማይታይበት እንደ ዘነበወርቅ ያለ ሰፈር ቢሆንም እንኳ።

በሂሳብ ብናየው ይቀላል። በሊትር 300 ሚሊ ግራም ብቻ የሟሟ ጨው ያለበትን የመስኖ ውሃ እንውሰድ። ሰው ቢጠጣው ጨውነቱን አይለየውም። ለአንድ ሄክታር ጥጥ በአንድ የምርት ወቅት ከዚህ ውሃ 10,000 ሜትር ኩብ ቢለቀቅ፣ አብሮት 3,000 ኪሎ፣ ማለትም 30 ኩንታል ጨው ማሳው ገባ ማለት ነው። በአገራችን ከአንድ ሄክታር የሚታፈሰው አማካይ የስንዴ ምርት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተክሉ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ፀሐይ የቀረውን ታተነዋለች፤ ጨው ግን አይተንም፣ አይበሰብስም። ከሥር የሚያጠነፍፍ መውጫ ካለ ትርፉ ውሃ ይዞት ይወርዳል። መውጫ ከሌለ ያው ትርፍ ውሃ ተጠራቅሞ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል። የውሃው ወለል ለመሬት ገጽ ሁለት ሜትር ገደማ ሲቀረው፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ፣ አፈሩ ውሃውን ወደ ላይ መሳብ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ጨው ከላይም ከታችም ይመጣል፤ ገበሬው በማሳው ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር የሚያየውም ያን ጊዜ ነው። ነጩ የመጨረሻው ምልክት ነው።

አሚባራ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1962 ተቋቁሞ የመካከለኛው አዋሽ ዳርቻ በጥጥና በሙዝ መሸፈን ሲጀምር፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር የከርሰ ምድሩ ውሃ ከሰብሉ ሥር ርቆ ነበር፤ ማጠንፈፊያ መሥራት የሚቸኮልበት ጉዳይ አልመሰለም። ውሃ በቦይ ይገባል፣ ከቦዩም ከማሳውም ይሰርጋል፣ የሚወጣበት የለም። ቦታው ዝናቡ በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ትነቱ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ የሆነ ቆላ ነው። የመንግሥት እርሻዎች እየሰፉ በሄዱበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የውሃው ወለል እስከ ሰብሉ ሥር ከፍ አለ። ተመራማሪው ሕሉፍ ገብረኪዳን እ.ኤ.አ. በ1985 የመልካ ሰዲና የአሚባራን ሜዳ አፈርና የመስኖ ውሃ ሲመረምሩ ችግሩ ሥር ሰድዶ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ከመሬት በታች የሚቀበር የማጠንፈፊያ ቱቦ ተዘረጋ፤ በወረር የግብርና ምርምር ማዕከል ዙሪያ የተደረገው ጨው የማጠብ ሥራም የተበላሸ ማሳ ሊመለስ እንደሚችል አሳይቷል። ሆኖም ቱቦ የሚያጸዳና ፓምፕ የሚያስነሳ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ በተጓደለበት ጨው ተመልሶ መጣ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታርም ተጥሎ ቀረ። አሁን ወደ ኋላ ተመልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 የአሚባራን ገጽ ብቻ የሚያሳይ ካርታ ተሠርቶ ነበር ብለን እናስብ። ንጹሕ ይሆን ነበር። የውሃውን ወለል ጥልቀት፣ መውጫ አለመኖሩንና በየዓመቱ የሚገባውን ውሃ ደምሮ የተሠራ ካርታ ግን በዚያው ዓመት ቀይ ይሆን ነበር።

ጥጡ ራሱ ደግሞ አንድ የማታለያ ጠባይ አለው። ተመራማሪዎቹ ማስና ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሰባሰቡት፣ እስከ ዛሬም በሚሠራበት ሠንጠረዥ መሠረት፣ ጥጥ የአፈሩ ጨዋማነት 7.7 ዴሲ ሲመንስ በሜትር እስኪደርስ ምርቱ አይቀንስም። ስንዴ እስከ 6 ይችላል። ሸንኮራ አገዳ 1.7 ላይ፣ ሽንኩርት 1.2 ላይ መጎዳት ይጀምራሉ። አፈር ጨዋማ ነው የሚባልበት የተለመደው ወሰን፣ የአሜሪካ የጨዋማነት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው መመሪያ፣ 4 ነው። ስለዚህ ጥጥ የሚያበቅል ማሳ ጨዋማ ከሚባለው ወሰን እጥፍ ሊጠጋ እየቻለ ባለቤቱ አንድም የጎደለ ኩንታል ላያይ ይችላል። ጥጡ ጨዋማነቱን ይደብቅለታል። ከጥጥ ወደ ሽንኩርት የዞረ ዕለት ምስጢሩ ይወጣል፤ «ዘሩ መጥፎ ነው» ይባላል። በቅርብ ዓመታት በአፋር በበጋ መስኖ ስንዴ እየተስፋፋ መሆኑ ከዚህ አንጻር መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ ስንዴ መቻል ይችላልና። ግን ያው መቻሉ ማስጠንቀቂያውን ያዘገየዋል። የስጋት ካርታ ከምርት መቀነስ ሊነሳ አይችልም የምለው ለዚህ ነው።

አገር አቀፍና ዓለም አቀፍ ካርታዎቻችን የሚሉትን ስናይ ደግሞ የጥልቀት ጉዳይ ይነሳል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የዓለም ጨዋማ አፈሮች ካርታ፣ ከመሬት ገጽ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ችግሩ ያለበት መሬት 424 ሚሊዮን ሄክታር ሲሆን፣ ከ30 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ሲወረድ ግን ቁጥሩ 833 ሚሊዮን ይሆናል። ገጹን ብቻ ያየ ግማሹን አላየም ማለት ነው። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተሠራው የአፈር መረጃ ሥርዓት በዋናነት የላይኛውን አፈር ለምነት ለማወቅና ለማዳበሪያ ምክር የታቀደ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ትልቅ ሥራ ነው፣ ለጨው ስጋት ግን ጥልቀቱ አይበቃም። በየጽሑፉ የሚደጋገመው «ኢትዮጵያ 11 ሚሊዮን ሄክታር ጨዋማ መሬት አላት» የሚለው ቁጥርም ቢሆን ከፈጣሪ የተገኘውን የዳናክልን ጨው ሰው በቦይ ካመጣው የአሚባራ ጨው ጋር አንድ ላይ ያፍሰዋል። የመጀመሪያው አሞሌ ሆኖ ስንት ዘመን በገንዘብነት ያገለገለን ሀብት ነው፤ ሁለተኛው ነው አደጋው።

ሳተላይት ባለበት ዘመን የከርሰ ምድሩን ውሃ ለማየት መቆፈር ለምን ይባል ይሆናል። ሳተላይት ነጩን መሬት በየሳምንቱ በነጻ ያሳየናል፣ የጠወለገ ሰብልንም ይለያል። ክፋት የለውም። ነገር ግን የሚያየው ብርሃን የነካውን ነው፤ በሁለት ሜትር ጥልቀት ያለ የውሃ ወለል ብርሃን አይነካውም። በዚያ ላይ የጠወለገ ማሳ በውሃ እጥረትም፣ በተባይም፣ በባለቤቱ ስንፍናም ይጠወልጋል። ሳተላይቱ የጉዳቱን ስፋት ለመለካት ይበጃል፤ መጪውን ለመናገር የሚያስፈልገው ግን ርካሽና አሰልቺ ነገር ነው፦ ቱቦ የገባበት ጉድጓድ፣ ሜትርና በየወሩ የሚመዘግብ ሰው።

በሳቃ ሐይቅ ይህን ክርክር ከሁሉ አብልጦ ያስረዳል። መተሐራ አጠገብ፣ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ያለው ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሐይቆች እየደረቁ ባሉበት ዘመን ይህኛው የሸንኮራ ማሳ፣ የግጦሽ መሬትና መንደር እየዋጠ፣ የጅቡቲን አስፋልትና የድሮውን የባቡር ሐዲድ እያስጨነቀ አደገ። ምክንያቱ ላይ ተመራማሪዎች ተከራክረዋል፤ አንዱ ወገን በአካባቢው ካሉት የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገውን ውሃ ይከስሳል፣ ሌላው የስምጥ ሸለቆውን ስንጥቆችና ከሥር የሚመነጨውን ሙቅ ውሃ ያነሳል። የሚስማሙበት አንድ ነገር ሐይቁን የሚመግበው በዋናነት የከርሰ ምድር ውሃ መሆኑ ነው። አሁን ልብ በሉ። ሐይቁ እያደገ ሲሄድ ጨዋማነቱ በሊትር ሲለካ ቀንሷል፣ ውሃው ቀጥኗልና። ነጥብ እየለካ ቀለም የሚቀባ ካርታ የበሳቃን ቀለም ከዓመት ዓመት እያደበዘዘ «ተሻለ» ሊል ነው! የሐይቁ ስፋት ግን ከአሥር እጥፍ በላይ አድጓል፣ ጎረቤቱን አፈር ከሥር እያረሰው ነው፤ ሞልቶ በራሱ አዋሽ ውስጥ እንዳይፈስ ተብሎም ውሃው በልክ እየተመጠነ ወደ ወንዙ እንዲቀላቀል ተደርጓል። ከዚያ በታች ያለ መስኖ ሁሉ፣ አሚባራን ጨምሮ፣ የበሳቃን ድርሻ ይጠጣል ማለት ነው። በሳቃን በነጥብ የሚለካ ካርታ አንድ ሐይቅ ያያል፤ በተፋሰስ የሚለካ ካርታ ወደ ታች የሚወርድ ዕዳ ያያል።

የበሳቃ ውሃ ሌላም ነገር ያስተምራል። ጨው ስንል ሁሉን አንድ አድርገን ነው፤ አፈሩ ግን ይለያል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ያበዛል። ሶዲየም ያልበዛበት ጨው ተክሉን ውሃ ያስጠማዋል እንጂ አፈሩን አያፈርሰውም፤ ሶዲየም ግን የሸክላውን ቅንጣት ይበትነዋል፣ አፈሩ ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ ውሃም አያሰርግም። የመጀመሪያው በብዙ ውሃ ይታጠባል። ሶዲየም የበዛበትን አፈር ጂፕሰም ሳይጨምሩ በደህና ውሃ ማጠብ ግን ጨዉን ወስዶ ሶዲየሙን ስለሚተው ነገሩን ሊያብሰው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቀለም የሚቀባ ካርታ የያዘ ባለሙያ ለአንደኛው መድኃኒት የሆነውን ለሌላኛው መርዝ አድርጎ ሊያዝ ይችላል።

ወደ ላይኛው ጫፍ እንመለስ። የአዲስ አበባ የወጥ ቤት ጨው በአብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነው የሚመጣው። ጥሬ ቆዳም እንዳይበላሽ በጨው ይታሻል፤ በአቃቂ ወንዞች ዳርና በሞጆ ባሉት ቆዳ ፋብሪካዎች የመጀመሪያው ሥራ ያንን ጨው ማጠብ ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቆሻሻውን በባክቴሪያ ያስበላዋል፣ ጨውን ግን የሚበላ ባክቴሪያ የለም፤ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከሳሙና፣ ከረጲ ክምር ሥር ከሚንጠባጠበው ጥቁር ውሃ የሚወጣውም እንዲሁ ያልፋል። አንዱ ክፍል ትንሹ አቃቂ ዳር በሚለማው ጎመንና ሰላጣ ማሳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያርፋል፣ ክረምቱ ያጥበዋል፤ ሌላው በቀጥታ ይወርዳል። ከአፋር በከባድ መኪና የወጣው ጨው በወንዝ ወደ አፋር ይመለሳል። በመመለሱ የሚደሰት አፋር ግን የለም፤ የወጣው ከሐይቅ ነው፣ የሚመለሰው ወደ ማሳ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የከተማው ጨው በአባ ሳሙኤልና በቆቃ ግድብ ውሃ ተበርዞ ከቁጥር አይገባም፤ እውነተኛው ችግር በሳቃና የአሚባራ ማጠንፈፊያ ናቸው፤ ዘነበወርቅን ካርታው ውስጥ ማስገባት ጉዳዩን ማደብዘዝ ነው ሊባል ይችላል። በክብደት ቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፤ በመካከለኛው አዋሽ ላይ የሚመዝነው የከርሰ ምድር ውሃው ነው። «ተበረዘ» የሚለውን ግን አልቀበልም። መበረዝ ውሃ ሲጨመር ነው፣ አዋሽ ግን ወደ ታች በወረደ መጠን ይበልጥ የሚገጥመው ሸንኮራ፣ ጥጥ፣ ትነትና አዲስ ቦይ ነው። አቤ ሐይቅ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ መሸሹ ውሃው በመንገድ እንደሚያልቅ ምስክር ነው። በሊትር ትንሽ የሆነ ጨው ሠላሳ ኩንታል እንደሚሆን ከላይ አስልተናል። ስለዚህ የላይኛው ተፋሰስ በካርታው ላይ የሚገባው እንደ ስጋት ቦታ አይደለም፣ እንደ ምንጭ ነው፤ ቀለሙም ሌላ፣ መለኪያውም በዓመት የሚወርድ ቶን ይሁን። ወንጂ ለዚህ ልዩነት ጥሩ ማሳያ ነው። በወንጂ የሸንኮራ ማሳ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው፣ ውሃ መቋጠር የታወቀ ችግር ነው፤ ዝናቡ ግን ከአሚባራ ስለሚሻል ጨው በዚያው ልክ አልተከመረም። በወለሉ ጥልቀት ብቻ የተሠራ ካርታ ሁለቱን አንድ ቀለም ይቀባቸዋል፤ ዝናብና ትነት ሲጨመርበት ይለያቸዋል። በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚዘንብበት ዱብቲ፣ ከተንዳሆ ግድብ በታች የሚገኘው ሜዳ፣ በዚሁ ስሌት ከሁሉም የከፋ ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአውስትራሊያ ይመጣል፣ ከመጀመሪያውም ይከብዳል። በዚያ አገር ሰፋሪዎች ሥሩ ጥልቅ የሆነውን ጫካ መንጥረው ስንዴና ሣር በመተካታቸው የከርሰ ምድር ውሃ ወጥቶ ጨው አመጣ። (እኛ ውሃ ጨረሰብን ብለን የምንከሰው ባሕር ዛፍ በተወለደበት አገር መቆረጡ ነው ጉዳት ያመጣው፤ የእንጦጦ ጠላት የአውስትራሊያው የማሪ ወንዝ ጠባቂ ነበር።) እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ብሔራዊ ግምገማ 5.7 ሚሊዮን ሄክታር ለስጋት የተጋለጠ ነው፣ በ2050 ወደ 17 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል አለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 የዘለቀው ረጅም ድርቅ መጣ፣ የውሃው ወለል በብዙ ቦታ ወረደ፣ ጨዉም በተባለው ፍጥነት አልመጣም። ታዲያ የስጋት ካርታ የሚባለው ነገር ሟርት አይደለምን? የእኔ መልስ አውስትራሊያውያን ራሳቸው ከዚያ በኋላ የሄዱበት መንገድ ነው። ካርታ መሥራቱን አልተዉም፤ መልክዓ ምድሩን በአለቱ፣ በአፈሩ፣ በተዳፋቱና በውሃው አካሄድ ከፋፍለው፣ በእያንዳንዱ ክፍል ጨው በምን መንገድ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ለይተው መጻፍ ጀመሩ። ዝናብ ሲለዋወጥ የሚለወጠው መጠኑና ጊዜው ነው፤ መንገዱ አይለወጥም። የተሳሳተው መንገዱን ከመሳል አልፎ ዓመተ ምሕረት የቆረጠው ትንበያ ነበር። የእኛም ካርታ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሄክታር» ከሚል «ውሃው ከዚህ ጥልቀት ካለፈ ጨው በዚህ በኩል ይመጣል» ቢል ይበቃዋል።

ተፋሰሱን እንደ አንድ አካል መመርመር ለአዋሽ እንግዳ አይደለም፤ ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ ማስተር ፕላንም እንዲሁ፣ ወንዙን ከራስ እስከ ጅራቱ አይተውታል። ያጣነው አዲስ ጥናት ሳይሆን የማይቋረጥ ልኬት ነው። የውሃ ወለል በየወሩ፣ የወንዙ ጨዋማነት ከአባ ሳሙኤል መውጫ እስከ ዱብቲ በጥቂት ቋሚ ነጥቦች ቢለካ የሚወጣው ወጪ ከአንድ የተጣለ እርሻ ኪሳራ ጋር አይወዳደርም። መሣሪያው የኪስ መሣሪያ ነው። የሚከብደው ልኬቱን ለሠላሳ ዓመት ሳያቋርጡ መዝግቦ መያዝ ነው፤ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ስሙና አደረጃጀቱ በተለወጠ ቁጥር መዝገቡ ሳጥን ውስጥ የሚቀር ከሆነ ካርታውም እዚያው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

በመጨረሻ የሚነሳው ተቃውሞ የመሬት ነው። ቀይ የተቀባ መሬት ዋጋው ይወድቃል፣ ባለሀብት ይሸሸዋል፣ ወይም በተቃራኒው «ምንም የማይረባ ነው» ተብሎ በርካሽ ይወሰዳል። በአፋር ይህ ፍርሃት ታሪክ አለው። የአዋሽ ዳርቻ ጥጥ ከመሆኑ በፊት የአርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሽ ነበር፤ ዝናብ ሲጠፋ ከብትና ግመል የሚወርድበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመንግሥት እርሻዎች የተወሰነው ወደ ጎሳዎቹ ሲመለስ የተመለሰው ያ ግጦሽ አልነበረም። ጨው የወጣበትና የተጣለው ማሳ ላይ ፕሮሶፒስ ገብቶ ነበር፤ ጨውና ድርቅ የማይበግረው፣ እሾሁ ከብት የማያሳልፍ ዛፍ። ጨው ያለበትን ብቻ የሚያሳይ ካርታ ያንን መሬት «ጨዋማ፣ ያልለማ» ብሎ ያልፈዋል። የውሃውን መንገድ የሚያሳየው ካርታ ግን ጨዉ በየትኛው ቦይ፣ በየትኛው ዘመን፣ ለየትኛው ሰብል ተብሎ እንደገባ አብሮ ያስነብባል፤ የማጠንፈፊያውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ክርክር ሲነሳም አርብቶ አደሩ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይኖረዋል።